የእጅ ምልክትና የነጋዴ ግዴታ

የእጅ ምልክት ለንግድ እንግዳ ነገር አይደለም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ በጀመረ ጊዜ ሻጭና ገዥ በዋጋ ሲስማሙ እጅ ለእጅ ተማትተው ውሉን ያጸኑ ነበር። ዛሬ ብዙ ባለሱቅ ትእዛዝ የሚቀበለው በስልክ መልእክት ሲሆን፣ በተዘረጋው እጅ ፈንታ የሚመጣው ኢሞጂ የተባለው ትንሽ ሥዕል ነው። ስለዚህ ትርጉሙንና የሚያስከትለውን ግዴታ ማወቅ ተገቢ ነው።

ስለ ቀለሙ፤ የእጅ ሥዕሉ በመሠረቱ ቢጫ ነው፤ ቢጫውም ማንንም ለይቶ አያመለክትም። በሰኔ 2007 ዓ.ም. የፊደላትን ደረጃ የሚመድበው ዩኒኮድ የተባለው ማኅበር አምስት የቆዳ ቀለሞችን ጨመረ። ቀለሙ ከእጁ ቀጥሎ የሚላክ የተለየ ምልክት ስለ ሆነ፣ በአሮጌ ስልክ ላይ እጁ ቢጫ እንደ ሆነ ቀርቶ ባለቀለም ካሬ በአጠገቡ ሊታይ ይችላል። ጨርቅ ሻጭ ይህን የዕቃ ቀለም ምርጫ አድርጎ እንዳይወስደው ያስፈልጋል። ቀለሙ ጠይምም ሆነ ቀይ የመልእክቱን ትርጉም አይለውጥም።

ስለ ግዴታው፤ በካናዳ አገር፣ በሳስካችዋን፣ አንድ የእህል ገዥ ድርጅት በመጋቢት 2013 ዓ.ም. የ87 ቶን ተልባ ውል በስልክ ላከ። ገበሬው አውራ ጣት ወደ ላይ የቀናበትን ምልክት መለሰ፤ ተልባውን ግን አላስረከበም። ምልክቱ ውሉ መድረሱን ለማስታወቅ ብቻ ነበር ብሎ ቢከራከርም፣ ፍርድ ቤቱ የቀድሞ ውሎቻቸው በአጭር የስልክ ቃል ይጸኑ እንደ ነበር አመዛዝኖ፣ በሰኔ 2015 ዓ.ም. ከ82 ሺህ የካናዳ ዶላር በላይ እንዲከፈል ፈረደ። ይግባኙም በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. ውድቅ ሆነ።

በኢትዮጵያም የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1681 ስምምነት በቃልና በጽሑፍ ብቻ ሳይሆን በተለመደ ምልክትም ሊገለጽ እንደሚችል ይደነግጋል። የ2012 ዓ.ም. የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 ደግሞ ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል። እንግዲህ በኋላ «ቀልድ ነበር» ማለት ሁልጊዜ አያድንም።

ስለዚህ አስተዋይ ነጋዴ ሦስት ነገር ይጠብቃል።

አንደኛ፤ መልእክት መድረሱን ብቻ ሊያስታውቅ ሲፈልግ «ደርሶኛል፤ አይቼ እመልሳለሁ» ብሎ በፊደል ይጽፋል።

ሁለተኛ፤ ሲስማማ የዕቃውን ዓይነት፣ ብዛቱን፣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን ደግሞ ይጽፋል።

ሦስተኛ፤ የደንበኛው ምልክት ሲያጠራጥር ዕቃ ሳይጭን አስቀድሞ ይጠይቃል፤ የተጋጠሙ መዳፎች ለአንዱ ምስጋና፣ ለሌላው ልመና ናቸውና።

በወርቅ ቤት ግራሙ ሳይመዘን ሒሳብ እንደማይከፈል ሁሉ፣ ምልክትም በቃል ሳይመዘን ውል እንዲሆን ሊተው አይገባም።