መንገድ ሲሰፋ የኤሌክትሪክና የጋዝ መስመር ስለሚዛወርበት ሥርዓት

መንገድ ይስፋ በተባለ ጊዜ አብዛኛው ሰው በዐይነ ልቡናው የሚያየው ዐፈር የሚጠርገውን መኪናና የሚፈርሰውን አጥር ነው። ነገር ግን ሥራውን ብዙ ጊዜ የሚያዘገየው በመንገዱ ዳር የቆመው ምሰሶና ከምድር በታች የተቀበረው ገመድ ነው። ምሰሶውን የተከለው መሥሪያ ቤት አንድ፥ መንገዱን የሚያሰፋው ሌላ ስለሆነ፥ አንዱ ሌላውን ሲጠብቅ ወራት ያልፋሉ።

ይህን ችግር ለማስወገድ በኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 455/1997 ሥርዓት ተደንግጎ ነበር። ቦታውን የሚፈልገው መሥሪያ ቤት መስመሩ ያለበትን ትክክለኛ ስፍራ ገልጾ ለባለ መስመሩ በጽሑፍ ያስታውቃል፤ ባለ መስመሩም በ30 ቀን ውስጥ የመተኪያውን ካሣ ከዝርዝር ግምት ጋራ ይልካል፤ ጠያቂው በ30 ቀን ይከፍላል፤ ገንዘቡን የተቀበለውም በ60 ቀን መስመሩን አንሥቶ ቦታውን ይለቃል። ሲደመር 120 ቀን ይሆናል። ያ አዋጅ በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ቢተካም፥ ስሌቱ ለሹማምንት የሚጠቅም ትምህርት አለው፤ ይኸውም ደብዳቤው መጻፍ ያለበት ተቋራጩ መኪናውን ሳያመጣ አስቀድሞ ነው። ቆሞ ለዋለ መኪና ኪራይ ይቆጠራል፤ በጠረጴዛ ላይ ላደረ ደብዳቤ ግን ኪራይ የሚጠይቅ የለም።

በሥራው ላይ ዋናው ነገር ቅደም ተከተሉ ነው። አዲሱ መስመር ተዘርግቶና ተፈትኖ ሳያልቅ አሮጌው አይነካም፤ እንዲህ ከሆነ ኤሌክትሪክ የሚቋረጠው ሁለቱ በሚቀያየሩበት ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። በአርሂባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከድሬ ዳዋ በኩል በ230,000 ቮልት መስመር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ወደ ጅቡቲ ይመጣል፤ ሆኖም አውራው መስመር ደኅና ሳለ በሰፈሩ ጥግ ያለ አንድ ምሰሶ ያለ ጊዜው ቢነቀል፥ በሐምሌ ኸምሲን ሲነፍስ ማራገቢያው ይቆማል፤ ሕፃንና በሽተኛ ያለበት ቤት ይጨነቃል።

በአዲስ አበባ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በኮሪደር ልማት በተሠሩ መንገዶች ሽቦው ከምሰሶ ወርዶ በምድር ውስጥ ተቀብሯል። መልካም ነው፤ ነገር ግን እንዳለ ወደዚህ ማምጣት አይገባም። ጅቡቲ ዝቅ ባለ የባሕር ዳር መሬት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 እንደታየው ጎርፍም ያገኛታል። ስለዚህ የተቀበረ ገመድ መጋጠሚያው ጨዋማ ውሃ እንዳያስገባ በጥንቃቄ ካልታሸገ፥ ምሰሶው ይሻላል ባይ ነኝ።

በሰፈራችን ነዋሪው ጋዝ የሚገዛው በሲሊንደር እንጂ በቧንቧ አይደለም። የጋዝ ቧንቧ ባለበት አገር ግን ጥፋቱ እጅግ ይከፋል። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 30 ቀን 2004 በቤልጅግ አገር ጊስሌንጊየን በተባለ ስፍራ፥ ቀደም ብሎ በግንባታ መሣሪያ የተጎዳ የጋዝ ቧንቧ ፈንድቶ 24 ሰዎች ሞተዋል። ቧንቧው በተጎዳበት ሰዓት አልፈነዳም፤ የፈነዳው በኋላ ነው።

ካርታ በሌለበት ስፍራ ስለዚህ መኪና ከመግባቱ በፊት በእጅ የመሞከሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል፤ የሰፈሩ ሽማግሎችም ገመዱ ሲቀበር ያዩ እንደ ሆነ ይጠየቃሉ። ኤሌክትሪክ የሚቋረጥበት ቀንና ሰዓትም በፈረንሳይኛ ብቻ ሳይሆን በአፋርኛ፥ በሶማልኛና በዐረብኛ ተጽፎ አስቀድሞ ይለጠፋል።