ሌሊት ማሞቂያውን እናጥፋ ወይስ እንተወው?



ምስጋና ሁሉ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሰሓቦቻቸው ላይ ይስፈን።

ውድ ወጣት ወንድሞችና እህቶች! የብርዱ ወራት በገባ ቁጥር በብዙ ቤታችን አንድ ክርክር ይነሳል። አባት የወሩ ቢል ያሳስበዋል፣ እናት እሳት ትፈራለች፣ ልጆች ደግሞ ክፍላቸው እንዲሞቅ ይፈልጋሉ። አንዱ ከመኝታ በፊት ማሞቂያውን ያጠፋዋል፣ ሌላው ሌሊት ተነስቶ መልሶ ያበራዋል። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን የሰው ሕይወት፣ የቤተሰብ ገንዘብና የወላጅ ሐቅ አብረው ያሉበት ጉዳይ ነው። ስለዚህ ዛሬ በሸሪዓ ሚዛን እናየዋለን።

መልሱን ከወዲሁ ባጭሩ እናስቀምጥ። የቤቱ ዋና ማሞቂያ ዝቅ ተደርጎ ሌሊቱን ቢሠራ ችግር የለውም፤ አዛውንት ወይም ሕፃን ባለበት ቤት ደግሞ ሊሠራ ይገባል። ተንቀሳቃሽ ሂተር፣ የምግብ ማብሰያ ኦቭንና ከሰል ግን ሰው ተኝቶ ሳለ በፍጹም አይተዉም። ሁለቱን ምን ለያቸው? ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ትእዛዙና ምክንያቱ

በመዲና አንድ ቤት ሌሊት በቤተሰቡ ላይ ተቃጠለ። ወሬው ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲደርስ እሳት ለሰው ጠላት መሆኑን አስገንዝበው፣ ስንተኛ እንድናጠፋው አዘዙ። ይህን ያስተላለፉት አቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ (ረ.ዐ) ሲሆኑ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ጃቢር (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ሐዲሥ ደግሞ ምክንያቱ ተብራርቷል፦ ሰው ተኝቶ ሳለ አይጥ የኩራዙን ክር ጎትታ ቤቱን ልታቃጥል ትችላለች።

አስተውሉ፤ ትእዛዙ የመጣው ከነምክንያቱ ነው። ዑለማዎች እንዲህ ያለውን ምክንያት «ዒላ» ይሉታል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት ኢማም ነወዊ ይህን ሐዲሥ ሲያብራሩ በመስጂድ ውስጥ ከፍ ብለው የሚሰቀሉ ቀንዲሎችን ያነሳሉ። ቃጠሎ ያመጣሉ ተብሎ ከተፈራ በትእዛዙ ውስጥ ይገባሉ። እንደ አብዛኛው ጊዜ ስጋት የሌለባቸው ከሆነ ግን ምክንያቱ ስለማይኖር ቢተዉ ችግር የለውም ብለዋል።

ኢማሙ ቴርሞስታት አላዩም፤ መለኪያውን ግን ሰጥተውናል። ማንኛውንም ማሞቂያ እንዲህ ብለን እንጠይቀው፦ ሁላችንም ተኝተን፣ ማንም ሳያየው፣ ቤቱን ሊያቃጥል ወይም ሰዎቹን ሊያፍን ይችላል ወይ?

ፈርነስ፣ ቦይለር ወይም ሂት ፓምፕ ሌትና ቀን እንዲሠራ ታስቦ የተገጠመ ነው። ክፍሉ የተፈለገው ሙቀት ላይ ሲደርስ ቴርሞስታቱ ያቆመዋል። ጋዝ ወይም ዘይት የሚያቃጥል ከሆነም ጭሱ በጭስ ማውጫው ወደ ውጭ ይወጣል። በዓመት አንድ ጊዜ ባለሙያ እስካየው ድረስ ከተሰቀለው ቀንዲል ጋር ይመደባል። ተንቀሳቃሹ ሂተር ግን ወለል ላይ፣ ከአልጋ ልብስና ከመጋረጃ አጠገብ የሚቀመጥ፣ ልጅ ሊገለብጠው፣ ብርድ ልብስ ሊወድቅበት የሚችል ነው። አይጥ የምትደርስበት ኩራዝ ማለት እሱ ነው።

ከብሮንክስ የምንማረው

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 9 ቀን 2022 በኒው ዮርክ ከተማ፣ ብሮንክስ ውስጥ ባለ 19 ፎቅ የመኖሪያ ሕንፃ እሳት ተነሳ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ 8ቱ ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ የዘር ሐረጋቸው ከጋምቢያ የሚመዘዝ ሙስሊሞች ናቸው። ከሳምንት በኋላ በብሮንክስ በሚገኝ ኢስላማዊ የባህል ማዕከል ለ15ቱ በአንድነት የጀናዛ ሰላት ተሰገደ። አላህ ይማራቸው፣ ለቤተሰቦቻቸውም ሶብር ይስጥ።

የከተማው የእሳት አደጋ ባለሥልጣናት እንደገለጹት የእሳቱ መነሻ መኝታ ክፍል ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሳይጠፋ ሲሠራ የቆየ የኤሌክትሪክ ሂተር ነው። ነበልባሉ ከአንድ ቤትና ከኮሪደሩ ብዙ አልራቀም። ሰዎቹን የገደላቸው ጭሱ ነው፤ ክፍት በቀሩ በሮች በኩል ወጥቶ ሕንፃውን ሞላው። እነዚህ ቤተሰቦች እንደ እኛ ወላጆች ለልጆቻቸው የተሻለ ኑሮ ፍለጋ ባሕር የተሻገሩ ነበሩ።

ከዚህ ተነስተን የምንይዛቸው ጥንቃቄዎች አሉ። ሂተሩን የምትጠቀሙት ነቅታችሁ፣ ክፍሉ ውስጥ ሳላችሁ ብቻ ይሁን። ከአልጋ፣ ከመጋረጃና ከመስገጃ ቢያንስ 3 ጫማ፣ ማለትም አንድ ሜትር ያህል አርቁት። በቀጥታ ግድግዳው ላይ ባለው ሶኬት ሰኩት እንጂ በኤክስቴንሽን አትጠቀሙ፤ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ስትተኙ ከሶኬቱ ንቀሉት። የመኝታ ክፍላችሁን በር ዘግታችሁ ተኙ። እሳት ቢነሳም ስትወጡ በሩን ከኋላችሁ ዝጉ። በጃቢር ሐዲሥ ውስጥ ማታ በር መዝጋትም አብሮ የታዘዘ ነው። የራሱ ምክንያት ቢኖረውም፣ ሡናውን የያዘ ሰው ይህንንም ጥበቃ ያገኛል።

የማይታየውና የማይሸተው

ሁለተኛው አደጋ ነበልባልም ጭስም ላያሳይ ይችላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ከሰል፣ ጋዝ ወይም ነዳጅ በተዘጋ ቤት ሲቃጠል ይጠራቀማል። በአሜሪካ ከቃጠሎ አደጋ ውጪ በዚህ ጋዝ ብቻ በዓመት ከ400 በላይ ሰዎች እንደሚሞቱ የአገሪቱ የበሽታ መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል ይገልጻል።

ይህ ለእኛ ቤት ቅርብ ጉዳይ ነው። አገር ቤት የቡና ከሰል የሚቀጣጠለው በረንዳ ላይ ወይም በር ተከፍቶ ነው። እዚህ ግን መስኮቱ ሁሉ ግጥም ብሎ የተዘጋ አፓርታማ ነው። ፍሙ ጭስ ስላቆመ አደጋው አለፈ ማለት አይደለም፤ የቀላ ፍም ጋዙን ማውጣቱን ይቀጥላል። «ክፍሉን ያሙቅልን» ብሎ የቡናውን ወይም የዕጣኑን ከሰል አስቀምጦ መተኛት ነፍስን ለአደጋ መስጠት ነው። ቡናውን በኤሌክትሪክ ምድጃ ማፍላት ይቻላል፤ ለዕጣኑም የኤሌክትሪክ ማጨሻ አለ። የጋዝ ኦቭን በር ከፍቶ ቤት ማሞቅም እንደዚሁ ክልክል ሊሆን ይገባዋል።

ቤት ውስጥ ካሉት ከአንድ በላይ ሰዎች ራሳቸውን ካመማቸው፣ ካዞራቸው ወይም ካቅለሸለሻቸው፣ ወደ ውጭ ሲወጡም ከተሻላቸው፣ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትለፉት። ሁሉንም ይዛችሁ ውጡና 911 ደውሉ። የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ መሣሪያ በየመኝታ ክፍሉ አካባቢ ይኑር። ሽሮ ሲቁላላ ጮኸ ተብሎ ባትሪው የወጣበት መሣሪያ ሌሊት ማንንም አይቀሰቅስም።

ብርድም ጉዳት ነው

እስካሁን ያልነውን የሰማ ሰው «እንግዲያው ሁሉንም አጥፍቶ መተኛት ይሻላል» ሊል ይችላል። ይህም ትክክል አይደለም።

ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ፣ በጣም ብርድ በሆነ ሌሊት ጀናባ ሆኑ። ቢታጠቡ ብርዱ እንዳይገድላቸው ፈርተው ተየሙም አድርገው አሰገዱ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቋቸው አላህ (ሱ.ወ) ራሳችንን እንዳንገድል መከልከሉን አስታወሱ። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሳቁ፤ ምንም አልተናገሯቸውም። ታሪኩ አቡ ዳውድ ዘንድ ተዘግቧል። ሙቅ ውሃ ባለበት ቤት ይህ ለስንፍና ፈቃድ አይሆንም። ግን ብርድ በሸሪዓችን የታወቀ ጉዳት መሆኑን ያስተምረናል።

የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት የቤት ሙቀት ቢያንስ 18 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (64 ፋራናይት ገደማ) እንዲሆን ይመክራል። ለአዛውንቶች ከዚህ ከፍ ማለት አለበት። የአሜሪካ የእርጅና ጥናት ተቋም ቢያንስ 68 ፋራናይት ይላል፤ ምክንያቱም በእድሜ የገፋ ሰው ከ60 እስከ 65 ፋራናይት ባለ ቤት ውስጥ እንኳ የሰውነቱ ሙቀት ከሚገባው በታች ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አያታችሁ ከአገር ቤት መጥተው አብረዋችሁ ካሉ ሙቀቱ በእሳቸው ልክ ይስተካከል። ዝም ማለታቸው አልበረዳቸውም ማለት አይደለም፤ ላለማስቸገር ብለው ይሆናልና። ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ሕፃን ደግሞ ሞቅ ያለ የመኝታ ልብስ ይልበስ እንጂ አልጋው ውስጥ ጋቢ ወይም ብርድ ልብስ አይደረብበት፤ ትንፋሹን ሊያፍነው ይችላል።

ተከራዮች መብታቸውንም ማወቅ አለባቸው። ለምሳሌ በኒው ዮርክ ከተማ ከኦክቶበር 1 እስከ ሜይ 31፣ ከ10 ፒኤም እስከ 6 ኤኤም፣ አከራዩ ቤቱን ቢያንስ 62 ፋራናይት ማድረግ በሕግ ይገደዳል። ቀን፣ የውጪው ሙቀት ከ55 በታች ከሆነ፣ 68 ማድረግ አለበት። ካላደረገ በ311 ይደወላል። ብዙ ቤተሰብ አደገኛውን ሂተር የሚገዛው ይህን መብት ስለማያውቅ ነው። የየከተማችሁን ሕግ ፈልጋችሁ ለወላጆቻችሁ ማስረዳት ከእናንተ የሚጠበቅ ነው።

በኢስራፍና በንፍገት መካከል

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ፉርቃን (25፥67) ደጋግ ባሮቹን ሲገልጽ፣ ሲለግሱ የማያባክኑ፣ የማይነፍጉም፣ በመካከል የሚሄዱ መሆናቸውን ይነግረናል። የማሞቂያችንም ልክ ይኸው ነው። ከውጭ በረዶ እየጣለ ቤት ውስጥ በቲሸርት ለመሆን 78 ላይ ማድረግ፣ ወይም «ሙቀቱ ከኪራዩ ጋር ነው» ብሎ መስኮት ከፍቶ ማሞቅ ኢስራፍ ነው። ከፋዩ ሌላ ሰው መሆኑ ብክነትን ሐላል አያደርገውም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአንድ ሙድ ውሃ፣ ማለትም በሁለት እፍኝ ያህል፣ ውዱእ ያደርጉ ነበር።

ብዙ ሰው «አጥፍቶ እንደገና ማሞቅ የበለጠ ይፈጃል» ብሎ ያምናል። እንዲህ አይደለም። ከቤት ወደ ውጭ የሚያመልጠው ሙቀት መጠን በውስጡና በውጪው ልዩነት ይወሰናል፤ ልዩነቱ ሲቀንስ የሚባክነውም ይቀንሳል። የአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው በቀን ለ8 ሰዓት ከተለመደው ከ7 እስከ 10 ፋራናይት ዝቅ ማድረግ በዓመት እስከ 10 በመቶ ወጪ ሊቆጥብ ይችላል። ሂት ፓምፕ ያለው ቤት ግን ብዙ ባያወርድ ይሻላል፤ ጠዋት ቶሎ ለማሞቅ ሲሞክር ውድ የሆነውን ተጨማሪ ማሞቂያ ሊያስነሳ ይችላልና። ማንም ቢሆን ከ55 ፋራናይት በታች አያውርድ፤ የውሃ ቧንቧ በርዶ ሊፈነዳ ይችላል።

ሂተሩንም እናስላው። አንድ 1500 ዋት ሂተር 8 ሰዓት ሲሠራ 12 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። የአንዱ ዋጋ 20 ሳንቲም ቢሆን በሌሊት 2 ዶላር ከ40፣ በ30 ሌሊት 72 ዶላር ይሆናል። አደጋውንም ወጪውንም የሚያበዛው ያው ዕቃ ነው።

ቴርሞስታታችሁ በሰዓት የሚስተካከል ከሆነ ከዒሻ በኋላ ዝቅ እንዲል፣ ከፈጅር ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ከፍ እንዲል አድርጉት። አስቸጋሪ በሆነ ጊዜ ውዱእን አሟልቶ ማድረግ ኃጢአትን እንደሚያብስ በሐዲሥ ተነግሮናል። ይሁንና ችግሩን ሆን ብሎ መፍጠር አይጠበቅብንም። ክፍሉ ሞቅ ብሎ ሲጠብቃቸው ታናናሾቻችሁም ለሰላት መነሳት ይቀላቸዋል።

ከወላጆች ጋር ስትነጋገሩ

ወላጆቻችን ያደጉት አብዛኛው ቤት ማሞቂያ በሌለበት አገር ነው። ሲበርድ ጋቢ ይደረባል፣ ሲብስ ከሰል ይቀጣጠላል። እዚህ መጥተው ማሞቂያውን የሚያጠፉት ስለሚነፍጉን አይደለም። ከዚያ ቢል የተረፈው ገንዘብ ብዙ ጊዜ የሚሄደው አገር ቤት ላለ ዘመድ መድኃኒት ወይም ለእናንተ ትምህርት ነው። ስለዚህ «አታውቁም» በሚል ቃል አትጀምሩ። «እማዬ፣ ሌሊት ስትነሺ እንዳይበርድሽ ዝቅ አድርጌ ልተወው፤ ሂተሩን ግን ልንቀለው» ማለት ይበቃል። ቢሉን አብራችኋቸው አንብቡ። መክፈል ከከበደ የፌዴራሉ መንግሥት ለማሞቂያ ወጪ የሚረዳበት ላይሂፕ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ቅጹን መሙላት ለእናንተ ቀላል ነው። ይህ ሁሉ በኒያ ከተደረገ ለወላጅ በጎ መዋል ነው።

ለሐለቃ መወያያ

1. እሳት የማጥፋቱ ትእዛዝ ዒላ ምንድን ነው? ለስልክ ቻርጀርና ለኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ እንዴት ይሠራል?
2. በቤታችሁ የጭስና የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚዎች የት የት አሉ? ዛሬ ማታ ቁልፋቸውን ተጭናችሁ ፈትሹ።
3. በቤታችሁ በብርድ ቶሎ የሚጎዳው ማነው? የሌሊቱ ሙቀት በእሱ ልክ ነው ወይ?

አላህ (ሱ.ወ) ቤቶቻችንን ከእሳትና ከድንገተኛ አደጋ ይጠብቅልን፤ የወላጆቻችንን ሐቅ የምንወጣ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።