ከግራፉ ሥር ያለው ስፋት፦ ለተማሪዎችና ለተሳፋሪዎች ማሳሰቢያ

በሰዓት 54 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በሰከንድ 15 ሜትር ይሄዳል። ውስጡ የተቀመጠ 60 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሰው 900 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ሞመንተም (የመጠነ ቁስና የፍጥነት ብዜት) ይዟል። መኪናው በፍሬንም ይቁም በግጭት፣ ይህ ሞመንተም ወደ ዜሮ መውረዱ አይቀርም። የለውጡን መጠን የሚነግረን በኃይልና ጊዜ ግራፍ ላይ ከመስመሩ ሥር ያለው ስፋት፣ ማለትም ኢምፐልስ ነው። ይህን ማወቅ ለፈተናም ለመንገድም ይጠቅማልና የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ግራፉን ስታነቡ

ይደረግ፦
• መጀመሪያ መለኪያዎቹን ተመልከቱ። ጊዜው በሚሊ ሰከንድ ከተጻፈ ለ1,000 አካፍሉ፤ ኃይሉ በኪሎ ኒውተን ከሆነ በ1,000 አባዙ።
• ቅርጹን ወደ አራት ማዕዘንና ሦስት ማዕዘን ከፋፍሉት። ኃይሉ ከዜሮ ተነስቶ 18,000 ኒውተን ደርሶ በጠቅላላው በ0.1 ሰከንድ ውስጥ ወደ ዜሮ ከተመለሰ፣ የሦስት ማዕዘኑ ስፋት ½ × 0.1 × 18,000 = 900 ኒውተን ሰከንድ ነው። ተሳፋሪያችንን ለማቆም የሚበቃው ይኸው ነው።
• መስመሩ ጥምዝ ከሆነ ካሬዎቹን ቁጠሩ። አንዱ ካሬ ስንት ኒውተን ሰከንድ እንደሆነ ግን አስቀድማችሁ አስሉ።

አይደረግ፦
• ከፍተኛውን ኃይል በጠቅላላው ጊዜ አታባዙ። ከላይ ባለው ምሳሌ 1,800 ይመጣል፤ የትክክለኛው መልስ እጥፍ ነው።
• ከጊዜው መስመር በታች የወረደውን ስፋት አትደምሩ፤ ቀንሱት። ኃይሉ አቅጣጫውን ቀይሯል።
• ስፋቱን እንደ መጨረሻ ሞመንተም አትውሰዱት። ለውጡ ብቻ ስለሆነ በመነሻው ላይ ይደመራል።
• አግድሙ ርቀት ከሆነ ኢምፐልስ አትፈልጉ፤ የዚያ ግራፍ ስፋት ሥራ ነው።

መኪና ስትሳፈሩ

ይደረግ፦
• ቀበቶ እሰሩ። ቀበቶም ሆነ ኤርባግ ስፋቱን አይቀንሰውም፤ ጊዜውን አርዝሞ ጫፉን ዝቅ ያደርገዋል። በ0.1 ሰከንድ የሚቆም ያው ተሳፋሪ በአማካይ 9,000 ኒውተን ሲያርፍበት፣ ከዳሽቦርድ ጋር ተላትሞ በ0.01 ሰከንድ የሚቆመው ግን 90,000 ኒውተን ይቀበላል። የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን የሠራውና በ1959 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ የዋለው ባለሦስት ነጥብ ቀበቶ ደግሞ ኃይሉን ለደረትና ለዳሌ ያከፋፍለዋል።
• ሞተር ሳይክል ላይ ሄልሜት አጥልቁ፤ ማሰሪያውንም ቆልፉ። የውስጡ ፎም እየተጨፈለቀ ጊዜ ይገዛል።

አይደረግ፦
• ጋቢና ውስጥ ሕፃን ታቅፋችሁ አትቀመጡ። 10 ኪሎ ግራም የሚመዝን ሕፃን በዚያው ፍጥነት 150 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ሞመንተም አለው። በ0.1 ሰከንድ ለማስቆም በአማካይ 1,500 ኒውተን ያስፈልጋል፤ ይህም 150 ኪሎ ግራም ገደማ ዕቃ እንደመሸከም ነው። የትኛውም ክንድ በድንገት ይህን አይችለውም።
• የደረቱን ቀበቶ በብብት ሥር አታሳልፉ፤ በትከሻ ላይ ይዋል።
• ክፉኛ የተመታ ሄልሜት ደግማችሁ አታጥልቁ። የተጨፈለቀ ፎም ሁለተኛ ጊዜ አያገለግልም።

ለአሽከርካሪዎች፦ ቀበቶ የግራፉን ቅርጽ ይለውጣል፤ ስፋቱን ራሱን የሚቀንሰው ግን የእናንተ እግር ነው። ከ54 ወደ 27 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትወርዱ 900 የነበረው 450 ይሆናል። ትምህርት ቤት አካባቢና የእግረኛ ማቋረጫ ጋ ስትደርሱ ቀድማችሁ ፍጥነት ቀንሱ።