አልነሣ ያለ የሞተር መጋዝ

ለልማት የተተከለውን ባሕር ዛፍ ለመቁረጥ የተገዛ የሞተር መጋዝ አልነሣ ሲል፣ አስቀድሞ የሚመረመረው ነዳጁ ነው። በጎበኘነው አንድ አጥቢያ ኮሚቴው አዲስ መጋዝ ለመግዛት ቃለ ጉባኤ ይዞ ነበር፤ ታንከሩን ስንከፍት ግን ከክረምት በፊት የተቀላቀለ ቤንዚን አገኘን። ቤንዚን ከወር በላይ ሲቀመጥ ይበላሻል፣ እየቆየም ዝቃጩ ካርቡራተሩን ይዘጋል። አሮጌው ወጥቶ አዲስ ይሞላ፤ አምራቹ ሌላ መጠን ካላዘዘ በቀር ለ1 ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር የባለ ሁለት ምት ሞተር ዘይት ይበቃል።

ይህም ካልረዳ ካንዴላው ይፈታ። ደረቅ ከሆነ ነዳጁ አልደረሰም፤ በታንከሩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ይታይ። ርጥብ ከሆነ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበታልና፣ ማጥፊያው ተዘግቶ፣ ቾኩም ተመልሶ ገመዱ ጥቂት ጊዜ ይሳብ፤ ከዚያ ካንዴላው ደርቆ ይታሰር።

መጋዙን አንጠልጥሎ ገመድ መሳብ እግር ያስቈርጣል፤ የደብሩ ጥበቃ እንዲህ ሲያደርግ አይተን ደንግጠናል። ነዳጅ ከተሞላበት ስፍራ ራቅ ብሎ፣ መጋዙ መሬት ላይ ተቀምጦ፣ የሰንሰለቱ ፍሬን ተይዞ፣ የኋላ እጀታውም በቀኝ እግር ተረግጦ ይነሣ።

ወደ ንብረት ክፍል ከመመለሱ በፊት ታንከሩ ይራቆት፤ ሞተሩም የቀረውን ነዳጅ ጨርሶ በራሱ እስኪጠፋ ይሥራ።