የጋብቻ መዝገብና ምስክርነቱ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደጋ አብዛኛው ሰው ሲጋባ የኖረው በሽማግሎች ፊት በሚደረገው በሰማንያ ነው፤ በቅዱስ ቁርባን የሚጋቡት ካህናትና ጥቂት ምእመናን ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሁለቱንም ተቀብሎ ነበር፤ የኋላው የቤተ ሰብ ሕግም አልሻራቸውም። ነገር ግን ባል ሲሞት ሽማግሎቹም ዐልፈው ከሆነ፣ መበለቲቱ ከባሏ ዘመዶች ጋር ስለ መሬት ስትከራከር ሚስትነቷን በምን ታስረዳለች?

አዋጅ ቁጥር 760/2004 ጋብቻ ሁሉ በ30 ቀን ውስጥ በቀበሌው የክብር መዝገብ ሹም ዘንድ እንዲጻፍ አዘዘ፤ ሥራውም ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ወረቀቱ ቢጠፋ እንኳ መዝገቡ ስላለ ግልባጩን መጠየቅ ይቻላል።

«ቁርባን ላጸናው ጋብቻ ወረቀት ምን ይጨምራል?» ቢባል መልሳችን አጭር ነው፤ መዝገቡ የጸናውን ያስረዳል እንጂ አያጸናም።

ይልቁንስ ካህናት የምንጠነቀቅበት ሌላ ነገር አለ። 18 ዓመት ላልሞላት ልጅ ተክሊል መድረስ በሕግ የተከለከለ ነውና ዕድሜዋን አስቀድመን እንመርምር። ደግሞም ሹሙ የሚጽፈው የዓለም ስምን ነው፤ በጸሎቱ የሚጠራው ግን የክርስትና ስም ነው። ደብሩ በሚሰጠው ማስረጃ ላይ ሁለቱም ካልሰፈሩ፣ ኋላ ወልደ ማርያም የተባለው ሙሽራና በመዝገብ የተጻፈው ሰው አንድ መሆናቸውን ማስረዳት ጭንቅ ይሆናል።