«በዘራችን የለም» ከማለታችን በፊት

የዛሬው ትምህርታችን ለኒካህ ሽማግሌ ሲላክ ከሚነሳ ጥያቄ ይጀምራል፦ «ዘራቸው ደህና ነው ወይ?» በወረኢሉም ሆነ በመካነ ሰላም ይህ ጥያቄ ይፈራል። ስለዚህ እናት በጡት ነቀርሳ ስትሞት «ሆዷን ነበር የሚያማት»፣ «ጅን ነክቷት ነው» ይባልና ይዘጋል። የሚደበቀው ግን ከአማቾች ብቻ አይደለም፤ ከራሷ ሴት ልጆችም ነው።

መጀመሪያ ፍርሃቱን እናቅልል። አብዛኛው ካንሰር በዘር አይተላለፍም። ከ100 የጡት ካንሰር ሕሙማን በዘር የመጣባቸው ከ5 እስከ 10 ቢሆኑ ነው። በእነዚያ ጥቂት ቤቶች ግን ነገሩ ከባድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ሜሪ ክሌር ኪንግ የተባለች አሜሪካዊት ተመራማሪ፣ የጡት ካንሰርን በዘር የሚያመጣ ጂን በ17ኛው ክሮሞዞም ላይ እንዳለ አሳየች። ዛሬ ብራካ 1 ይባላል፤ ብራካ 2 ደግሞ በ13ኛው ላይ ይገኛል። እኛ ኢንጂነሪንግ የምንማረው የጥገና ክፍል ብንለው ይገባናል፤ የተበጠሰ ዲኤንኤ ይጠግናሉ። ከሁለቱ የአንዱን የተበላሸ ቅጂ የወረሰች ሴት እስከ 80 ዓመቷ በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከመቶ 70 ገደማ ይደርሳል።

ብልሽቱን የያዘ ወላጅ ለእያንዳንዱ ልጁ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ የማስተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። እኛ ዘንድ የጡት ሕመም ሲነሳ የእናት ወገን ብቻ ይታያል። አባትም ያስተላልፋል! የአባት እህት በ35 ዓመቷ ከታመመች ጉዳዩ የኛም ነው።

የዘረመል ምክር የሚባለው ሥራ የሚጀምረው በመርፌ ሳይሆን በጥያቄ ነው። ባለሙያው የሦስት ትውልድ ዘር ይስላል፦ ማን ታመመ፣ በስንት ዓመቱ፣ የትኛው አካሉን? ወሎ ውስጥ እስከ ሰባት ቤት የሚቆጥሩ አዛውንት አሉን፤ የጎደለው የሞቱበት ምክንያት ነው። ከ50 ዓመት በፊት የታመመች፣ ሁለቱንም ጡቷን የታመመች፣ ወይም ጡቱን የታመመ ወንድ ካለ ለሐኪም መናገር ይገባል።

ምርመራው ከደም ወይም ከምራቅ ይሠራል፤ ቢቻል አስቀድሞ ለታመመው ሰው። ውጤቱ «አለ»፣ «የለም» ወይም «አይታወቅም» ሊሆን ይችላል። የአፍሪካውያን ዘረመል ገና ብዙ ስላልተጠና «አይታወቅም» የሚለው ለኛ ይበዛል። ዋጋውም ለተማሪ ኪስ አይደለም። የቤተሰብ ታሪክ ግን በነፃ ነው፤ ሐኪሙ ክትትሉን ቀደም ብሎ እንዲጀምር ያደርገዋል።

«ቀደር ነው፣ ማወቁ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። ዑመር (ረ.ዐ) ወደ ሻም ሲጓዙ ወረርሽኝ መግባቱን ሰምተው ሰዎቻቸውን ይዘው ተመለሱ። አቡ ዑበይዳ (ረ.ዐ) ከአላህ ውሳኔ መሸሽ እንደሆነ አድርገው ሲጠይቋቸው፣ መመለሱም ያው የአላህ ውሳኔ መሆኑን አስረዷቸው። ሰበብ ማድረስ ከእምነት ጋር አይጣላም። ለእጮኛ ምን ያህል ይነገር የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። ለእህት መንገር ግን በኛ እይታ አማና ነው። የሌላውን ውጤት ዶርም ለዶርም ማውራት ደግሞ ሐሜት ነው።

ለዕረፍት ቤት ስንገባ አያቶቻችንን ብቻቸውን ሲሆኑ፣ ከቡና በኋላ ቀስ ብለን እንጠይቅ። ዝም ካሉ የአባታችንን ታላቅ እህት እንሞክር፤ ያስታመመችው ብዙ ጊዜ እሷ ናት።