የስኳር መለኪያ ማሽን ከመግዛትዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

ፋርማሲ ሲገቡ ሻጩ የሚያሳይዎ ማሽኑን ነው። ሥራውን የሚሠራው ግን ማሽኑ ላይ የሚሰካው ስትሪፕ ነው። የደም ጠብታው የስትሪፑን ጫፍ ሲነካ፣ እዚያ የደረቀው ኢንዛይም ከግሉኮሱ ላይ ኤሌክትሮን ይወስዳል። ማሽኑ የሚለካው በዚህ የሚፈጠረውን ጥቂት የኤሌክትሪክ ፍሰት ነው፤ ስኳሩን በቀጥታ አያየውም። ይህ ኬሚካላዊ ሪአክሽን ከተዛባ የተሳሳተ ቁጥር ያለምንም ማስጠንቀቂያ ሊወጣ ይችላል። ኢንሱሊን የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ መጠኑን የሚወስኑት በዚያ ቁጥር ነው።

• ስትሪፑ ስንት ነው? ማሽኑ በቅናሽ፣ አንዳንዴም በነፃ የሚሰጠው ትርፉ ስትሪፑ ላይ ስለሆነ ነው። የአንዱ ስትሪፕ ለሌላው ማሽን አይሆንም። በቀን ሁለቴ የሚለኩ ከሆነ 50 ፍሬ በ25 ቀን ያልቃል። የዓመቱን ወጪ እዚያው ቆመው ያስሉ፤ የመብሻ መርፌውንም ይጨምሩበት።

• ከስድስት ወር በኋላስ ይገኛል? ወደ ሌሎች ሁለት ፋርማሲዎች ደውለው ይጠይቁ። ዘመድ ከውጭ ሊልክልዎ ከሆነ ስትሪፑ እዚህ መሸጡን ሳያረጋግጡ እሺ አይበሉ። ከእንግሊዝ የሚመጣ ማሽን የሚያሳየው በሚሊሞል ነው፤ እዚያ 10 ያለው እኛ በለመድነው ሚሊግራም 180 ነው። «10 ብቻ ነው» ብሎ የሚደነግጥ ወይም የሚዘናጋ ሰው አደጋ ላይ ነው።

• ኢንዛይሙ የትኛው ነው? ሻጩ ላያውቀው ይችላል፤ በስትሪፑ ካርቶን ውስጥ ያለውን ወረቀት ያስከፍቱት። «ግሉኮስ ኦክሲዴዝ» ከሆነ የደም ኦክስጅን ማነስ ውጤቱን ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ከፍ ያለ ቦታ ኦክስጅን ያሳንሳል፤ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ስለዚህ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን የከፍታ ገደብ ይመልከቱ። «ጂዲኤች-ፒኪውኪው» የሚባለው ደግሞ ማልቶስንም እንደ ግሉኮስ ይቆጥራል። በሰውነት ውስጥ ወደ ማልቶስ የሚለወጥ አይኮዴክስትሪን ባለበት ፈሳሽ በሆድ በኩል የኩላሊት እጥበት የሚያደርግ ሰው ስኳሩ ወርዶ ሳለ ማሽኑ «ከፍ ብሏል» ሊለው ይችላል፤ እሱም ኢንሱሊን ይጨምራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ሲያስጠነቅቅ 13 ሞት ጠቅሷል።

• ደም ማነስ አለብዎ? ቀይ የደም ሕዋስ ሲያንስ ብዙ ማሽኖች ስኳሩን ከእውነተኛው በላይ ያሳያሉ። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ይህን አይለፉት። «ሄማቶክሪት» የሚለውን ገደብ ወረቀቱ ላይ ፈልገው ሐኪምዎን ያማክሩ።

• የስትሪፑ ብልቃጥ ታሽጓል? ካርቶኑ ላይ ያለው ቀን ላልተከፈተ ብልቃጥ ነው፤ ከተከፈተ በኋላ ብዙዎቹ የሦስት ወይም የስድስት ወር ዕድሜ ብቻ አላቸው። የከፈቱበትን ቀን ብልቃጡ ላይ ይጻፉ። እርጥበትና ሙቀት ኢንዛይሙን ይጎዱታል፤ የብዙዎቹ ጣሪያ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ድሬዳዋ ወይም አፋር ከሆኑ ሱቁ ራሱ የት እንደሚያስቀምጠው ይጠይቁ። በፍሬ ተቆጥሮ በላስቲክ የሚሸጥ ስትሪፕ በምንም ዋጋ አይግዙ።

• ካርቶኑ «አይኤስኦ 15197:2013» ይላል? ይህ የመለኪያ ማሽኖች የትክክለኛነት ደረጃ ከ100 በታች ላለ ውጤት የ15 ሚሊግራም፣ ከዚያ በላይ ላለው የ15 በመቶ ልዩነት ይፈቅዳል። እውነተኛው 80 ቢሆን ማሽኑ 65 ወይም 95 ሊል ይችላል።

• ሳይወጋ የሚለካ ሰዓት ወይም ቀለበት? አይግዙ። ያው የአሜሪካ ተቋም በየካቲት 2024 እ.ኤ.አ. እንዳስታወቀው፣ ቆዳ ሳይበሳ በራሱ ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት አልነበረም።

ከመክፈልዎ በፊት አንድ ነገር ይስማሙ፦ ላብራቶሪ በሚሄዱበት ጠዋት ምግብ ሳይቀምሱ፣ እጅዎን በሳሙና ታጥበውና አድርቀው፣ ደም በሚሰጡበት ሰዓት በማሽኑም ይለኩ። ልዩነቱ አይኤስኦ ከሚፈቅደው ካለፈ ማሽኑን መልሰው እንደሚቀበሉዎ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። አንጽፍም ካሉ ሌላ ፋርማሲ ይሂዱ።